በአጥር ማዶ ያለው ዓለም፦ ሌላ ምድር ላይ ስለሚቀሩ ልጆች ድራማ

(ተከታታይ ድራማ መጻፍ ለሚፈልጉ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አላችሁ፣ እንኳን በደህና ተገናኘን። አዘጋጆቹ «ስለ ምናባዊ ድራማ ትንሽ አውራልን» ነው ያሉኝ። ርዕሱ ለአንድ ከሰዓት ስለሚሰፋ አጥብቤዋለሁ። የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ታሪክ ብቻ ነው፦ አንድ ልጅ ሳያስበው ከዚህ ዓለም ይወጣና ከዚህኛው ጎን ወዳለ ሌላ ዓለም ይገባል፤ ከዚያ መመለሻው ይጠፋዋል። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ድራማ የጀመራችሁ አላችሁ፤ ረቂቆቻችሁን ሰጥታችሁኝ አንብቤያለሁ። ዘንዶው በሽ ነው። ጭራቅም አለ፣ የሚናገር ዛፍም አለ። ፈልጌ ያጣሁት የዚያን አገር አኗኗር ነው። ሰዉ በምን ይተዳደራል? ማን ነው የሚያዘው? የሚታዘዙትስ ለምን ይታዘዛሉ? ይህ ሳይመለስ ዘንዶው አሥር ራስ ቢኖረውም አያስፈራኝም።

ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሞ የመለሰ አንድ ድራማ አለ፤ ዛሬ እሱን ይዤ መጥቻለሁ። ስሙ ስፔልባይንደር ነው። ፊልም አውስትራሊያና የፖላንድ ቴሌቪዥን በጋራ የሠሩት ባለ 26 ክፍል የወጣቶች ድራማ ነው፤ የወጣው በ1995። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊዎቹ ማርክ ሺሬፍስና ጆን ቶምሰን፣ ዳይሬክተሩ ኖኤል ፕራይስ ናቸው። ፖላንዶች «ሁለት ዓለማት» ብለው ነው ያሳዩት። ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ የምስሉ ጥራት ዛሬ ለለመዳችሁት ዓይን ደብዘዝ ይልባችኋል። ታገሱት።

ፖል ሬይኖልድስ የሲድኒ ተማሪ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ከሲድኒ ወጣ ብሎ ባለው ብሉ ማውንቴንስ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ድንኳን ጥለው ያድራሉ። ልጁ የተንኮል ነገር ይወዳል። ጓደኞቹን ለማስደንገጥ አንድ ነገር ያሴርና ሴራው ከኤሌክትሪክ ጋር ይነካካል፤ ብልጭ ሲል ፖል የለም። ሲነቃ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ፖል የተመረጠ ልጅ አይደለም። ትንቢት አልተነገረለትም፣ ክንዱ ላይ ምልክት የለበትም፣ አያቱም ንጉሥ አልነበሩም። የሄደው በቀልድ ነው። እናንተ በላካችሁልኝ ረቂቆች ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ከመወለዱ በፊት የተነገረለት ነው። ትንቢት ጸሐፊውን ከብዙ ሥራ ያሳርፈዋል፤ ልጁ ለምን እዚያ እንደሚፈለግ ማስረዳት ይቀርለታል። ፖልን ግን ማንም አልጠበቀውም። ስለዚህ ያ ዓለም እሱን ምን እንደሚያደርገው ጸሐፊዎቹ ከባዶ ማሰብ ነበረባቸው፤ ድራማውም የተወለደው ከዚያ ነው።

የገባበት አገር መንደርተኛው በኩራዝና በበሬ የሚኖርበት አገር ነው። ከመንደርተኛው በላይ ደግሞ ስፔልባይንደሮች የሚባሉ ገዢዎች አሉ። የተለየ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከእጃቸው መብረቅ ይወረውራሉ፤ በሚበር መርከብ ይሄዳሉ። ሕዝቡ አስማት ነው ብሎ ያምናል፣ ይሰግዳል፣ ይገብራል። ፖል ግን አንድ ጊዜ አየና ገባው፦ ኤሌክትሪክ ነው። ልብሱ መሣሪያ ነው፣ መርከቡም ማሽን ነው። የዚያ ዓለም የቀድሞ ሥልጣኔ በጥፋት ወድሟል፤ ከፍርስራሹ የተረፈውን ዕውቀት የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ድግምት የሚል ስም ሰጥተው ደብቀውታል።

አሁን የልጁን አደጋ ተመልከቱ። ፖል ሳይንቲስት አይደለም። የሚያውቀው የትኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀውን ነው። ነገር ግን በዚያ አገር «ይሄ እኮ ኤሌክትሪክ ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር መንግሥት ይገለብጣል። ሰይፍ ሳይዝ፣ ሠራዊት ሳይኖረው፣ ከክፍል ያመጣት ተራ ዕውቀት ብቻ በገዢዎቹ ዓይን ከጠላት ጦር በላይ አስፈሪ አደረገችው። ለዚህ ነው ከጭራቅ በፊት ጌታ ፍጠሩ የምላችሁ። የምትፈጥሩት ዓለም ሥርዓት ሲፈርስ እንጀራው የሚቋረጥበት ሰው ማን ነው? እሱን ካገኛችሁት፣ ልጁ የሚሠራው ትንሿ ነገር ሁሉ ትርጉም ያገኛል።

ከገዢዎቹ መካከል አሽካ የምትባል ሴት አለች፤ ሄዘር ሚቸል ናት የምትጫወታት። በእኔ አስተያየት ለወጣቶች ከተጻፉ ክፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ከምርጦቹ አንዷ ናት። ሌሎቹ ልጁን ሲፈሩት እሷ ትመኘዋለች። ልጁ የመጣበት ዓለም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ቀድማ የተረዳች እሷ ናት። በኋላም ወደ እኛ ዓለም ትሻገራለች፣ ሲድኒ ትገባለች። ታሪኩ እዚህ ይከፋል። በእሷ ዓለም ምስጢር የነበረው ነገር እዚህ ሱቅ ውስጥ በዋጋ ይሸጣል፣ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይነበባል። አሽካ የምትማር ክፉ ናት። ጮክ ብሎ የሚስቅ ክፉ ሰው ክፍል ሦስት ላይ ይሰለቻል፤ የሚማር ክፉ ግን በየክፍሉ ይጨምራል።

ሪያና የምትባል የዚያ አገር ልጅም አለች፤ ከፖል ጋር ትወዳጃለች፣ እሷም ወደዚህ ትሻገራለች። ድራማውን ከሌሎቹ የምለይበት አንዱ ምክንያት ይህ መገለባበጥ ነው። መጀመሪያ እኛ በፖል ዓይን የእነሱን አገር እናያለን፤ ኋላ ላይ ሲድኒ ራሷ ማዶ ትሆናለች። ገዢዎች ሕዝብ ያሰገዱበት ኃይል እዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ አለ፤ ሕፃን በጣቱ ይጫነዋል፣ ማንም ልብ አይለውም። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ልጁን ወደ ማዶ ይልኩና ማዶን ወደ ልጁ ቤት ማምጣት ይረሳሉ። እኔ ብሆን ግማሹን ታሪክ እዚህ ነበር የማደርገው።

ስለ እኛ አገር አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከርዕሱ አይርቅም። ስፔልባይንደር ውስጥ የመሣሪያ ዕውቀት ያለው ሰው ገዢ ነው። በእኛ አገር ታሪክ ተቃራኒውን ታገኛላችሁ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ማለትም እሳትንና ማዕድንን የሚያውቀው ሰው ቡዳ ተባለ። ማረሻውን ይወስዱለታል፣ ከቤታቸው ግን አያስገቡትም፤ ልጃቸውንም አይድሩለትም። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው ላይ አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዕውቀቱ እንደ አስማት መቆጠሩ ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ ያስገዛል፣ እዚህ ያስነውራል። አስቡት፦ የእናንተ ዋና ገጸ ባሕርይ የጠይብ ልጅ ናት፤ መንደሯ ውስጥ ማንም አብሯት ማዕድ አይቀርብም። ወደ ማዶ ስትሻገር ግን ብረት የሚያቀልጡ ሰዎች የሚነግሡበት አገር ትገባለች። መመለስ ትፈልጋለች ወይ? እዚህ ጥያቄ ላይ ሃያ ስድስት ክፍል ይቆማል። ሐሳቡን የወደደ ይውሰደው፣ አላስከፍልም።

ደግሞ ማዶ የሚባለው ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከህዩ ኤቨሬት የ1957 የፊዚክስ ሐሳብ፣ ማለትም ብዙ ዓለማት ጎን ለጎን አሉ ከሚለው፣ እጅግ ቀድሞ የእኛ ሰው ስለ ስውራን ሲያወራ ኖሯል። ገዳሙ እዚያው ጫካ ውስጥ ነው፤ ደወሉ ይሰማል፣ ዕጣኑ ይሸታል፣ ላልተፈቀደለት ግን አይታይም። ብሔረ ብፁዓንንም ታውቃላችሁ። ዞሲማስ የሚባለው መናኝ ረጅም ጸሎት አድርጎ ወደ ብፁዓን አገር ይሻገራል። ከዚያ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ትንሽ ቦታ አለ። የአገሩ ሰዎች እንግዳውን ለማየት እየተመላለሱ ዞሲማስን ያደክሙታል። ሲመረው የሚያስተናግደውን ሰው «የለም በላቸው» ይለዋል። እኛ በቀን ስንቴ የምንለው ነገር ነው፤ በር ሲንኳኳ ሕፃኑን «የሉም በል» ብለን እንልካለን። እዚያ አገር ግን ውሸት የሚባል ነገር የለም። አስተናጋጁ ይጮኻል፤ ይህ ሰው አዳም የወደቀበትን ፈተና ይዞብን መጣ ይላል፤ ሊያባርሩትም ይነሳሉ።

ዞሲማስ ኃጢአተኛ ሆኖ አልሄደም፤ ጻድቅ ስለሆነ ነው የተፈቀደለት። ያጋለጠችው ከቤቱ ይዟት የሄዳት፣ እሱ እንኳ ልብ ያላላት ልማድ ናት። ፖልም እንደዚያው ነው፤ አንዱን ውሸቱ ያጋልጠዋል፣ ሌላውን እውቀቱ። ረቂቃችሁ ላይ ይህን ሞክሩት፦ ልጁ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ስልክ ትታችሁ በአፉና በእጁ ተሸክሞ የሚሄደውን ልማድ ፈልጉ። ጉርሻ ሊሆን ይችላል። ትከሻ ስሞ ሰላምታ መስጠት ሊሆን ይችላል። በዚያኛው ዓለም ያ ነገር ምንድን ነው? ስድብ? የጋብቻ ጥያቄ? ወንጀል?

ልዩነቱ ትልቅ መሆን እንደሌለበትም አሜሪካኖች አሳይተዋል። በዚያው በ1995 ስላይደርስ የሚባል ድራማ ጀመረ። ኩዊን ማሎሪ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ተማሪ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ወደ ሌሎች ዓለማት የሚያስገባ መሣሪያ ይሠራል፤ ጄሪ ኦኮኔል ነው የተጫወተው። መጀመሪያ ሲሻገር ሁሉም ነገር ያው ይመስለዋል፣ የትራፊክ መብራት ላይ እስኪደርስ ድረስ። እዚያ ቀይ ሂድ ነው፣ አረንጓዴ ቁም። በቃ ይኸው ነው፤ የአንዲት አምፖል ወጪ። ተመልካቹ ግን ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

ስለ ወጪ ካነሳን፣ ስፔልባይንደር የእኛውን ዓለም አውስትራሊያ፣ የማዶውን በአብዛኛው ፖላንድ ውስጥ ነው የቀረፀው። ማዶን በኮምፒውተር ከመሥራት በአውሮፕላን ሄዶ መቅረፅ ቀለላቸው። ጫካው እውነተኛ ጫካ ነው፣ ጭቃውም ጭቃ። እናንተ አውሮፕላንም አያስፈልጋችሁም። መንዝ ውጡ፤ የድንጋይ ቤቱ፣ ጉሙ፣ ገደሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ሽቦና ምሰሶ የማይታይበትን አቅጣጫ መምረጥ የካሜራ ባለሙያው ሥራ ነው። በ1997 ቻይናዎች ተጨምረውበት ሁለተኛው ስፔልባይንደር ተሠርቷል፤ እዚያ አገሩን የሚያስተዳድረው ኦራክል የተባለ ኮምፒውተር ነው። አልባሳቱ ያምራል፣ ሐሳቡም ለዛሬ ዘመን ይቀርባል፤ እኔን ግን እንደ መጀመሪያው አልያዘኝም፤ ምክንያቱ ምናልባት መብረቅ የሚወረውር ሰው ከሚያስብ ሣጥን ይልቅ ስለሚታየኝ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ልምጣ። ለምን ወጣት? አዋቂ ሰው ማዶ ቢቀር መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራው ነው። ወጣቱ ግን እዚህም ቢሆን ግማሽ እንግዳ ነው። ሕጉን ሌሎች አወጡት፣ እሱ ሲናገር «ዝም በል» ይባላል፣ ያየውን ሲናገር አያምኑትም። ማዶ ሲቀር ይኸው ነገር ይጎላል እንጂ አዲስ አይሆንበትም። ለዚህ ነው አዋቂዎች በወጣት ድራማ ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ ቶሎ የሚታወቀው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1983 ሲቢኤስ የጀመረው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል የካርቱን ተከታታይ አለ። ስድስት ልጆች መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ባቡር መሳይ መጫወቻ ላይ ይሳፈሩና ሌላ ዓለም ውስጥ ይወድቃሉ። ከመካከላቸው ኤሪክ የሚባለው ሁልጊዜ ያጉረመርማል፣ ሁልጊዜ ከቡድኑ ሐሳብ ይለያል፣ ሁልጊዜም ይሳሳታል። ድራማውን ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ማርክ ኢቫኒየር በኋላ እንደተረከው፣ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። በዘመኑ የልጆች ፕሮግራም ላይ ተጽዕኖ የነበራቸው የወላጅ ማኅበራትና አማካሪዎች «ቡድኑ ምን ጊዜም ትክክል ነው፣ የሚያጉረመርመው ምን ጊዜም ስሕተት ነው» የሚለው ትምህርት እንዲገባ ይፈልጉ ነበር። ኢቫኒየር ነገሩን ጠልቶታል፤ እኔም እጠላዋለሁ። አሁን ፖልን አስታውሱ። ሁሉም ሲሰግድ «ይሄ ኤሌክትሪክ ነው» ያለው የሚያጉረመርመው ልጅ ነበር። ኤሪክን የጻፉት አዋቂዎች ስፔልባይንደርን ቢጽፉት ኖሮ ፖል በመጨረሻው ክፍል ይቅርታ ጠይቆ ይሰግድ ነበር።

የእኛ አገር የልጆች ፕሮግራምም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። ልጁ ያጠፋል፣ ሽማግሌ ይመክሩታል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ያልቃል። ሽማግሌው የሚሳሳቱበት አንድ ክፍል ጻፉልኝ።

ስለ አጨራረስ ተናግሬ ላብቃ፤ ሰዓቱም ሄዷል። እንዲህ ያለ ድራማ አንድ ዕዳ አለበት። መጀመሪያው ክፍል ላይ ልጁን ከቤቱ አውጥታችኋል፤ ተመልካቹ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ይዞ ነው የሚከተላችሁ። ስላይደርስ በዚህ ዕዳ ሲጫወት ወደር አልነበረውም። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ኩዊንና ጓደኞቹ ቤት የሚመስል ቦታ ይደርሳሉ፤ ለማረጋገጥ ያላቸው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ኩዊን የግቢያቸውን በር ይገፋል። የእነሱ በር ሲከፈት ሁልጊዜ ይጮኽ ነበር፤ ይሄኛው ዝም አለ። ቤታችን አይደለም ብለው ዘለው ይሄዳሉ። ወዲያው እናቱ ትወጣለች፤ ቤት የሚጠግነው ሰውዬ በሩን ዘይት ቀብቼዋለሁ ይላታል። አንዲት ጠብታ ዘይት! ዓመታት የፈጀ መንከራተት ከዚያች ጠብታ ወጣ። ያኔ በንዴት ወንበር የመታን ሁላችን ቀጣዩን ክፍል ለማየት ተመልሰናል።

ይህ ጨዋታ ግን አደጋ አለው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ዙሩን የሚያቋርጠው ጸሐፊው ሲጨርስ ሳይሆን ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ስላይደርስ በ2000 ሲቆም የመጨረሻው ክፍል ራሱ የተንጠለጠለ ነበር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደግሞ በ27 ክፍል በ1985 ቆመ፤ ልጆቹ እዚያው ቀሩ። ማይክል ሪቭስ የመጨረሻ ክፍል ጽፎ ነበር፣ አልተሠራም። በ2006 ዲቪዲው ሲወጣ በድምፅ ብቻ ተቀርጾ ተካተተ። ድራማው እጅግ በተወደደበት በብራዚል ስለ እነዚያ ልጆች ዕጣ ፈንታ ትውልድ ሲከራከር ኖረ፤ ሞተው ነው፣ ሲኦል ነው የሚል ወሬ ሁሉ ነበር። በመጨረሻ በ2019 ልጆቹን ወደ ቤታቸው የመለሳቸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሬኖ። የመኪና ማስታወቂያ! እውነተኛ ተዋንያን አልብሰው፣ ልጆቹን ክዊድ በምትባል መኪና አሳፍረው በበሩ አስወጧቸው። ማስታወቂያው በደንብ የተሠራ ነው፣ አይቼ ተደስቻለሁ። ግን ጸሐፊ ያልከፈለውን ዕዳ የመኪና ሻጭ ከፈለው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል ዛሬ ማታ ጻፉትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። መሃሉን ኋላ ትደርሱበታላችሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ ያላችሁት ድምፅ ማጉያው እስኪደርሳችሁ ጠብቁ።